የ747 የአፍንጫ በር ያን ያህል ይጠቅማል?

ተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሎጂስቲክስ እየተማርኩ ነው። የሉክሰምበርጉ የጭነት አየር መንገድ ካርጎሉክስ እ.ኤ.አ. በ2022 ቦይንግ 777-8ኤፍን መምረጡን አነበብኩ (ኤፍ የጭነት አውሮፕላን ማለት ነው)። የቆዩትን 747-400ኤፍ ሊተካበት ነው። ግን የ777 አፍንጫ አይከፈትም፤ ጭነቱ የሚገባው በጎን ነው። ሥራው ላይ ያላችሁ፣ የአፍንጫው በር ያን ያህል ለውጥ አለው?

የሌሊት ፈረቃ፦
አለው እንጂ እህቴ! ሉክሰምበርግ፣ ፊንደል አውሮፕላን ማረፊያ ስድስት ዓመት ጭኛለሁ። የ747 ኮክፒት (የአብራሪዎቹ ክፍል) ፎቅ ላይ የወጣው እኮ በምክንያት ነው። ገና በ1960ዎቹ ሲነደፍ ጭነት ታስቦበታል። አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል፣ ረጅም የቁፋሮ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ይገባል። በጎን በር ከሆነ ግን ውስጥ ገብቶ መዞር አለበት።

ሁሉም ነገር በአፍንጫ አይገባም ታዲያ። የአፍንጫው በር ቁመት 2.5 ሜትር ገደማ ነው፣ የጎኑ 3 ሜትር። ከፍ ያለ ፓሌት (ጠፍጣፋ መደርደሪያ ላይ የታሰረ ጭነት) የሚገባው በጎን ነው።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሚዛኑ ነበር። አዲሱ 747-8ኤፍ ከ130 ቶን በላይ ይሸከማል፤ ዋናው ወለል ላይ ብቻ 34 ፓሌት ይደረደራል። ኋላው ቀድሞ ከከበደ አውሮፕላኑ ወደ ኋላ ያጋድልና አፍንጫው ከመሬት ይርቃል። ስለዚህ ዓይኔ ከፊት እግሩ አይነቀልም። ከጎማው በላይ የሚያብለጨልጭ የብረት ዘንግ አለ። ኋላ ዕቃ ሲገባ ፊቱ ስለሚቀል ዘንጉ ቀስ እያለ ይረዝማል። አረዛዘሙ ካላማረኝ እጄን አነሳለሁ፣ ሥራው ቀጥ ይላል።

ባለ ከባድ መኪና፦
በእኔ በኩል 777 አያስከፋኝም። ወደ ፊንደል ጭነት አመላልስ ነበር። መኪናው ራሱ የበረራ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ወረቀቱ ላይ ልክ እንደ አውሮፕላን ይጻፋል። የመኪናው ወለል ሮለር (ተንከባላይ ዘንግ) ስለሆነ ከባዱ ፓሌት ሲገፋ ይንሸራተታል። ሉክሰምበርግ ትንሽ አገር ናት፤ ግን ጀርመን፣ ፈረንሳይና ቤልጂየም አጠገቧ ናቸው። ያመላለስኩት አብዛኛው መደበኛ ፓሌት ነው፣ የጎን በር ይበቃዋል። ደግሞ ሁለት ሞተር ከአራት ሞተር ያነሰ ነዳጅ ነው የሚጠጣው።

ተማሪዋ፦
አመሰግናለሁ። እና ረጅሙ ዕቃ የት ይሄዳል?

የሌሊት ፈረቃ፦
ለጊዜው 747-8ኤፍ አለ። ካርጎሉክስ የመጀመሪያውን የተረከበው በ2011 ነው፣ ገና ብዙ ይበራል። ግን ቦይንግ የመጨረሻውን 747 በ2023 አስረክቦ ማምረቱን አቁሟል። ይህ ያሳዝነኛል። ካርጎሉክስ በ1970 ሲቋቋም ያበረው ሲኤል-44 የተባለ አውሮፕላን እንኳ ጭራው ወደ ጎን ይከፈት ነበር። ረጅም ዕቃ ቀጥ አድርጎ ማስገባት የኖረበት ሥራ ነው።

ለትምህርትሽ አንድ ነገር ሞክሪ። አሁን የሚበረው የ777ኤፍ የጎን በር ስፋቱ 3.7 ሜትር ገደማ ነው። ወረቀት ላይ ልኩን አሳንሰሽ ሳይው። ከዚያ በዚያው ልክ 15 ሜትር ቧንቧ ሳይና በዚያ በር አስገብተሽ ለማዞር ሞክሪ።