የታዳጊዎች የትራንስፖርት ዕቅድ፣ 2018፦ ረቂቅ ለአባላት

ጸሐፊ፣ ሰኞ ማታ
ረቂቁ ይኸው። ለክፍለ ከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤትና ለሁለት ድርጅቶች ነው የምናስገባው። አስተያየት ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ማኅተም ተመትቶበት ይሄዳል።

ፒያሳ የነበረው ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ ከ15 ዓመት በታች በሆነው የእግር ኳስ ቡድናችን ካሉት 24 ልጆች 17ቱ ከተማው ዳር ያለው ገላን ጉራ ገብተዋል። ጃን ሜዳ ለመድረስ ሁለት ሦስት ታክሲ ይይዛሉ። ባለፈው ማክሰኞ የመጡት 9 ናቸው። ደርሶ መልስ ለአንድ ልጅ 100 ብር፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለ17 ልጅ 5,100 ብር ይሆናል። በወር 20,400። ለ10 ወር 204 ሺህ ብር።

በመጨረሻው መስመር አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ፤ 45 ሺህ ብር።

ቁጥር 6
ማሽኑ ደግሞ ከየት መጣ?

ገንዘብ ያዥ
እኔ ነኝ ያስገባሁት። የዋናውም የታዳጊውም ማሊያ በጆንያ ገላን ጉራ ይሄዳል፣ እማማ ያጥቡታል፣ በጆንያ ይመለሳል። ታክሲው ጆንያውን እንደ ሰው ነው የሚያስከፍለው፤ ወንበር ይይዛላ። ዝናብ በጣለ ሳምንት ደግሞ እርጥቡን ነው የሚመለሰው። ሆሳዕና ከተማ ላይ ልጆቹ እርጥብ ማሊያ ለብሰው ሲገቡ ያየ አይጠይቀኝም።

የድሮው በረኛ
እኔ እዚህ ላይ አልፈርምም።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በ1999 ዓ.ም. 14 ማሊያ ነበረን፤ ልጆቹ 16 ነበሩ። ተቀይሮ የሚገባው የወጣውን ልጅ ላብ ለብሶ ነበር የሚገባው። እማማ አንድ ቀን ከአጥር ውጭ ቆመው ይህን አዩና «አምጡት» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ 19 ዓመት። ማጠብ ብቻም አይደለም፤ የተቀደደውን ይሰፋሉ። የ9 ቁጥሩን እጅጌ እዩት። ማሊያው ሰማያዊ፣ ክሩ አረንጓዴ ነው። ሰማያዊ ክር ባላገኙበት ቀን የሰፉት ነው። ልጁ በዚያ ማሊያ ነው አንደኛ ሊግ ያስገባን።

በአንድ ማሊያ 10 ብር እናስብላቸዋለን። አሁን ያቺንም ብር ለማሽን ልትሰጡባቸው?

ገንዘብ ያዥ
ማን አባረራቸው? ማሽኑን የሚያሠሩት እሳቸው ናቸው።

ቁጥር 6
ውኃውስ? በፈረቃ ነው የምናገኘው። መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ ማሽኑ በሩን ቆልፎ ይቀመጣል። እህቴ ቤት አንድ ሙሉ ሌሊት የአልጋ ልብስ ውስጥ ተቆልፎ አድሯል። ቅዳሜ ጨዋታ፣ ዓርብ ማታ 18 ማሊያ ማሽን ሆድ ውስጥ። ፎርፌ ልንሰጥ ነው ማለት ነው።

ባለሚኒባሱ
ምንድን ነው እናንተ ስለ ሳሙና የምታወሩት? ልጆቹን እኔ አመጣቸዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገላን ጉራ 12 ልጅ፣ ነዳጁን ቻሉኝ እንጂ ሌላ አልጠይቅም። ዶሮ ማነቂያ አድጌ ይህን ካላደረግሁ ምን ላደርግ ነው።

ጸሐፊ
ትልቅ ነገር ነው። «የአባላት አስተዋጽኦ» በሚለው ሥር አስገብቼዋለሁ።

ቁጥር 6
ማሽኑ ግን ከላይ ነው የሚከፈተው ወይስ ከፊት?

አሰልጣኝ
ሌላም ነገር አለ እኮ። ዋናው ቡድን ከፍ ካለ ጀምሮ የክለቡ ገንዘብ በሙሉ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ደመወዝ፣ የወጌሻ አበል፣ መኪና ኪራይ። የማጠቃለያው ውድድር አንድ ከተማ ተሰብስቦ ሲደረግ ደግሞ የሆቴልና የምግብ። የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች በ2011 የደመወዝ ጣሪያው 50 ሺህ ብር ይሁን ሲሉ እኛ ስቀናል፤ የእኛ ልጆች 6 ሺህ ነው የሚያገኙት፣ እሱም ሁለት ወር ዘግይቶ። አልከፋኝም። ሊግ ገብተናል፤ ሊግ ደግሞ ይበላል። ግን ይህ ክለብ የተጀመረው በፕሮጀክት፣ ማለትም በታዳጊ ሥልጠና ልጆች ነው። ዋናው ቡድን ውስጥ ከፕሮጀክት ያደጉ ስንት ቀሩ? አራት። የቀሩት በፊርማ የመጡ ናቸው።

ገንዘብ የምትሉ ከሆነም ገንዘቡ ታዳጊዎቹ ላይ ነው ያለው። ፊፋ የሶሊዳሪቲ ክፍያ የሚለው አለ። አንድ ተጫዋች ኮንትራቱ ሳያልቅ ከአገር አገር ሲሸጥ ከዝውውሩ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ዕድሜ በየዓመቱ 0.25 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 0.5። አራቱን ዓመት እኛ ጋ የቆየ ልጅ አንድ ቀን በ100 ሺህ ዶላር ቢሸጥ 1 ሺህ ዶላር የእኛ ነው። ግን በወሬ አይደለም። ልጁ በዚያ ዕድሜው በክለባችን ስም መመዝገቡን ወረቀት ማሳየት አለበት። ባለፈው ዓመት ቴሴራ (የተጫዋች መታወቂያ) ያወጣንላቸው ታዳጊዎች ስንት ናቸው? ለመመዝገብም እኮ ልጁ መምጣት አለበት።

የድሮው በረኛ
ፊፋን ተወው። እማማ ይህን ሰምተዋል ወይ ነው ጥያቄው።

ገንዘብ ያዥ
ጋሼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና የዘንድሮን መዋጮ አልከፈሉም። ከኅዳር ጀምሮ ስልክ ደውያለሁ። ማሊያ በማን ገንዘብ እንደሚታጠብ ካሳሰበዎት ከዚያ እንጀምር።

የድሮው በረኛ
አንቺ ልጅ! አንቺ ሳትወለጂ እኔ የዚህን ሰፈር ጎል በድንጋይ ምሰሶ መሃል ጠብቄያለሁ። ሣር አልነበረም። ጉልበቴ ላይ ያለውን ጠባሳ ደብተርሽ ላይ ጻፊውና መዋጮ ነው በይ። የጊዮርጊስ ክለብም በ1928 አራዳ ላይ ሲጀመር ባለ ማሽን አልነበረም።

ቁጥር 6
ጋሼ፣ ያኔ አራዳ ላይ ማሽን ማን ያውቅ ነበር?

የድሮው በረኛ
አንተም ተሳለቅ። ወጣሁ።

ጸሐፊ
እባካችሁ። ማንም አልወጣም። ስለ መዋጮ የሚነሳው በጠቅላላ ጉባኤ ነው። ስለ ረቂቁ ብቻ።

የሜሪላንዱ
ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው፤ አሁን ሌሊት ነው፣ ሥራ ላይ ነኝ። ያነበብሁት ስለ ማሽን ብቻ ነው፤ ከላይ ያለውን አልጨረስሁም። እዚህ እኛም ቡድን አለን። በየዓመቱ ለሚደረገው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር እንሄዳለን፤ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ማሊያ የሚያጥበው ማን እንደሆነ ተጠይቆ አያውቅም፤ ሁሉም የራሱን ቤቱ ወስዶ ያጥባል።

ማሽኑን እኔ እገዛለሁ። ከረቂቁ አውጡት። ግን ማሽን ሜዳ ላይ አይቀመጥም። ለምን ኮንቴነር አንጠይቅም? ዕቃ ማከማቻ፣ ልብስ መቀየሪያ፣ አንድ ጠረጴዛ ለጽሕፈት ቤት። ከዚያ ማሽኑ ጥጉ ላይ ይቆማል።

ቁጥር 6
ኮንቴነር የት ልታቆም? ጃን ሜዳ ላይ? ጥር ሲመጣ ሜዳው የታቦታቱ ነው። በ2012 በኮሮና ጊዜ አትክልት ተራ እዚያው ሲዛወር የእኛ ጎል ምሰሶ ሥር ሽንኩርት ነበር የተከመረው። የማይነቃነቅ ዕቃ እዚያ ማስቀመጥ አይታሰብም።

የሜሪላንዱ
ታዲያ የሚነቃነቅ ይሁን። ጎማ ያለው።

ገንዘብ ያዥ
ጎማ ያለው ኮንቴነር ተሳቢ ይባላል፤ ቦሎ ይፈልጋል።

የአንዱ ልጅ እናት
ይቅርታ፣ እኔ አባል አይደለሁም፣ ልጄ ነው የሚጫወተው። ሐሙስ ልምምድ አለ ወይ? ለታክሲ የምሰጠውን አስቀድሜ ካላወቅሁ እቸገራለሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ከሜክሲኮ አደባባይ ተመልሷል፤ ከዚያ ወዲያ የሚከፍለው አልነበረውም።

አሰልጣኝ
አለ። ላኪልኝ። ከሜክሲኮ ወዲህ ያለውን እኔ እከፍላለሁ።

አሰልጣኝ፣ ሐሙስ ማታ
ዛሬ 7 ልጅ መጣ። ሰባት። በግማሽ ሜዳ አጫወትኳቸው። ከሜክሲኮ የተመለሰው ልጅ ግራ ክንፍ ነው፤ ኳስ ሲይዝ ዐይኑን አያነሳም፣ ግን ያልፋል። ይህን ልጅ እንዲያው ለማውራት ያህል አይደለም የማነሳው።

የድሮው በረኛ
ተመልሻለሁ። ዝም ብዬ አልተቀመጥሁም፤ እማማ ዘንድ ገላን ጉራ ድረስ ሄድሁ። ሦስት ታክሲ ነው፤ አሁን ገባኝ። ቡና አፈሉልኝ። ስለ ማሽኑ ስነግራቸው ያስቆጣቸዋል ብዬ ነበር። «ይምጣ» አሉኝ። ወገባቸውን ካመማቸው ቆይቷል፤ ለእናንተ አልነገሩም እንጂ። ግን ሁለት ነገር አሉ። አንደኛ፣ ሙቅ ውኃ እንዳይነካው፤ በጀርባው የታተመውን ቁጥር ይልጠዋል። ባለፈው የአንዱን ልጅ 8 ቁጥር እናቱ በሙቅ ውኃ አጥባ 3 ሆኖ መጣ፤ ዳኛው አላስገባም አለ። ሁለተኛ፣ የሚያሰጡት እሳቸው ናቸው። ፀሐይ ላይ ተገልብጦ ነው የሚሰጣው።

መዋጮዬን ነገ አስገባለሁ። የሁለት ዓመቱን።

ገንዘብ ያዥ
ጋሼ፣ እኔም ተቆጥቼ ነው የጻፍሁት። ጠባሳውን አውቀዋለሁ፤ አባቴ ስለዚያ ጨዋታ ያወራ ነበር። ደረሰኝ ይዤ እጠብቅዎታለሁ።

ቁጥር 6
እሺ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ከሆነ የግማሽ ዋጋውም ይበቃል። ትንሿን ማሽን ግዙ።

የሜሪላንዱ
ትልቁን ነው የምገዛው። ሃያ ማሊያ አንዴ የሚገባበት።

ጸሐፊ፣ ዓርብ ከሰዓት
ሁለተኛው ረቂቅ ተያይዟል። ዋና ዋና ለውጦች፦ ማሽኑ በውጭ አገር አባል ስለሚገዛ ወጥቷል። በምትኩ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ገብቷል፤ ማጓጓዣ፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ የውኃ ታንከርና ቆርቆሮ አጥር ጭምር። ቦታውን ከወረዳው እንጠይቃለን። ርእሱ «የክለቡን መሠረተ ልማት ማጠናከሪያ ፕሮጀክት» ሆኗል። የትራንስፖርቱ ጉዳይ በሁለተኛ ምዕራፍ ተቀምጧል።

አሰልጣኝ
ሁለተኛ ምዕራፍ መቼ ነው?

ጸሐፊ
በሚቀጥለው በጀት ዓመት። እውነቱን ልንገርህ፣ ለታክሲ ብር የሚሰጥ ድርጅት አላገኘሁም። ሁለቱንም አናግሬያለሁ። አርማቸው የሚለጠፍበት ነገር ይፈልጋሉ፤ ኮንቴነር ላይ ይለጠፋል፣ ታክሲ ላይ አይለጠፍም። አንዱ በግልጽ «ሪባን የሚቆረጥበት ነገር አምጡ» ነው ያለኝ። ቢያንስ ኮንቴነሩን እናግኝ፤ ከዚያ ልጆቹን።

አሰልጣኝ
ኮንቴነሩ ሲመጣ ውስጡ ልብስ የሚቀይር ልጅ ካለ ማለት ነው።

ቁጥር 6
እሱን አሁን ተዉት። ባለሚኒባሱ የት አለ? ነገ ቅዳሜ ነው።

ገንዘብ ያዥ
ሦስት ጊዜ ደወልሁ። ስልኩ ዝግ ነው። የነዳጅ ብር ይዤ ነበር።

የአንዱ ልጅ እናት
ልጄ ከ12 ሰዓት ጀምሮ አስፋልት ላይ ይጠብቀው ተብሏል፤ ይጠብቅ?

አሰልጣኝ
አትላኪው። በዚያ ሰዓት ብርድ ነው። ስልክ እስክደውል ቤት ይቆይ።

የሜሪላንዱ
ማሽኑን ዛሬ አየሁት። ወርዱ 69 ሳንቲ ሜትር ነው። የኮንቴነሩ በር ስንት ነው?

ቁጥር 6
የኮንቴነሩ በር ሁለት ሜትር ከምናምን ነው፤ ይገባል። የማይገባው እማማ ጊቢ ነው፤ የብረት በሩ ጠባብ ነው። ኮንቴነሩ እስኪመጣ የት እናስቀምጠው?

የድሮው በረኛ
እኔ ዘንድ ይቀመጥ። ሳሎኔ ሰፊ ነው። ባለቤቴን ግን መጀመሪያ እጠይቃለሁ።