«ፒያሳን ያላየ በዓሉን አያነብም» አሉን

ሰገነት፦ አንድ ትምህርት ቤት ቅዳሜ የ11ኛ ክፍል ልጆችን «የደራሲ በዓሉ ግርማን ሕይወት በእግር» ሊያስጎበኝ ነው። ከስድስት ኪሎ ተነስቶ በአራት ኪሎና በፒያሳ አድርጎ ለገሃር ይወርዳል፤ መሃል ላይ የድሮው የምሽት ሰፈር ውቤ በረሃም አለበት። ማስታወቂያው ላይ «ፒያሳን ያላየ በዓሉን አያነብም» ተብሎ ተጽፏል። በሉ እንግዲህ ታሪኩ አስመራ ላይ ለሆነው ልቦለዱ ለ«ኦሮማይ» የአስመራ ትኬት ቁረጡላቸው! ደግሞስ የትኛውን ፒያሳ ነው የሚያዩት? ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈርሷል።

የቀበና ልጅ፦ ሁሉም ፈረሰ እንዴ? ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው አለ። አራት ኪሎ «አዲስ ዘመን» የታተመበት ብርሃንና ሰላም አለ፤ ሰውዬው የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ነበር። «ከአድማስ ባሻገር» ደግሞ የአዲስ አበባ ልቦለድ ነው። አንድ አስመራ ይዘህ አትሟገት።

ሰገነት፦ «ያላየ አያነብም» ያልኩት እኔ ነኝ? የጅማ ልጅ መጽሐፉን ይመልስ በላ።

ጠጅ ሳር፦ እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። ውቤ በረሃን ለበዓሉ የሰጠው ማነው? የደራሲው የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው! ልቦለዱ «ሌቱም አይነጋልኝ» የት ሰፈር ነው የሚያድረው?

የቀበና ልጅ፦ እህቴ፣ በበዓሉ ልቦለድ በ«ደራሲው» ውስጥ ያለው ሲራክ በማን ተቀረጸ? በስብሐት አይደል? ታዲያ በዓሉ ሰፈሩን ቢረግጥ ምን ይገርማል።

ጠጅ ሳር፦ ሰውየውን ስለጻፈው ሰፈሩንም ይውረስ? ጥሩ ነው፣ ካርታውንም በስሙ አዙሩለት።

ቆጣሪ፦ እናንተ በርስት ተከራከሩ፤ ይሄ ጉዞ የሚበላሸው በሌላ ነው። 40 ልጅ ከአንድ መምህር ኋላ አራት ኪሎ ላይ ቢቆም፣ ከታክሲው ጩኸት የተነሳ ከኋላ ያለው ምንም አይሰማም። ከ12 እስከ 15 እየሆኑ በ20 ደቂቃ ልዩነት ይነሱ። ማረፊያው ከ5 አይብለጥ፣ በየአንዱ 15 ደቂቃ። አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ይያዝና መጀመሪያ ተማሪ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ መምህሩ ከዚያ በኋላ ይናገር። መምህሩ ከቀደመ ገጹን የሚሰማ የለም። ጠዋት 2 ሰዓት መነሳት ነው፣ ፀሐዩ ሳይከር። አቅጣጫውን ግን አትንኩት፣ ቁልቁለት ነው፤ ከለገሃር ቢጀምሩ ቸርችል ዳገት ላይ ያልቃሉ። ማህተም ያለው ደብዳቤም አይረሳ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ወረቀት ይዞ በፓርላማው በኩል ሲያልፍ ሰልፍ ይመስላል። ፎቶ ማንሳት እዚያ ጋ ይቅር።

ሰገነት፦ ይኸውልህ፣ ሰልፍ አልክ! «በእግር» የምትለዋ ናት ያናደደችኝ። ሰውዬው እኮ ቮልስ ይነዳ ነበር። የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፣ የተገኘችው መኪናዋ ናት፤ እሷም ቃሊቲ በኩል። ልጆቹ ለገሃር ላይ ተጨብጭቦላቸው ይበተናሉ፣ ዋናው ጉዳይ ግን ከከተማው ጫፍ ቀረ።

የቀበና ልጅ፦ ለዚህ ነው ለገሃር ላይ የሚያበቃው! በቃሊቲ አድርጎ ወደ ደብረ ዘይት የሚወስደው መንገድ እዚያ በታች ነው። መምህሩ ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዙሮ «ኦሮማይ» በ1975 ወጥቶ እንዴት ከገበያ እንደተሰበሰበ ይንገራቸው። የባለቅኔውን የፀጋዬ ገብረ መድኅንን መቃብር ሥላሴ ካቴድራል ሄዶ ማየት ይቻላል። የበዓሉ መቃብር የታለ?

ጠጅ ሳር፦ ደግሞ ፀጋዬ መጣ! ለሱ ብሔራዊ ቴአትር ይበቃዋል። እኔ የጠየቅኩት ውቤ በረሃን ነው።

የቀበና ልጅ፦ መለስኩልሽ እኮ።

ጠጅ ሳር፦ ሲራክ ብለህ አለፍክ እንጂ የት መለስክ? ቢያንስ እዚያ ማረፊያ ላይ የሚነበበው ገጽ የስብሐት ይሁን።

ቆጣሪ፦ የ«ሌቱም አይነጋልኝ»ን ገጽ ለ11ኛ ክፍል? ጮክ ተብሎ? መንገድ ዳር? የወላጅ ኮሚቴውን አንቺ ታናግሪዋለሽ።

ጠጅ ሳር፦ እንግዲያው ሰፈሩንም አትርገጡ!

ቆጣሪ፦ ለማንኛውም ፎቶ ኮፒው እስከ ሐሙስ ይውጣ፣ ዓርብ ማታ ወረፋ ነው።

ሰገነት፦ ፒያሳ ይውጣ እንጂ። ሌላ ቦታ የወጣ አይነበብም ተብሏል።