ሌሊቱን ባትሪ የሚጨርስ አሮጌ መኪና፦ ለማን ይታይ? ምን ይገዛ?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ካርቡሬተር ያላት፣ ዲስትሪቢዩተሯም በኮንታክት ፖይንት (እየተከፈተና እየተዘጋ ለሻማዎቹ እሳት በሚያስነሳ ኮንታክት) የሚሠራ አሮጌ መኪና አለችኝ። ማታ ደህና አቁሜያት ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) «ጠቅ» ይልና ዝም። ሁለት ቀን ካልነዳኋት ደግሞ የበር መብራት እንኳን አይበራም። ባትሪ ቀይሬያለሁ፣ አልተሻላትም። አንዱ ዲናሞ (ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገውን) ቀይር ይለኛል፣ ሌላው ትልቅ ባትሪ ግዛ ይላል፣ ሦስተኛው ማታ ማታ ተርሚናሉን ንቀል ይላል። ለማን ላሳያት? ዕቃ መግዛት ካለብኝስ የቱን ትጠቁሙኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተርሚናል ንቀል ያለህ ሰው ሳያውቀው ከሦስቱ የሚሻለውን ነግሮሃል። ባትሪውን ቻርጅ አስሞልተህ ኔጌቲቩን ነቅለህ አሳድራት። ጠዋት መልሰህ ስታስር ቀጥ ብላ ከተነሳች ባትሪው ጤነኛ ነው፣ የሚጠጣው መኪናው ውስጥ ያለ ነገር ነው። ተነቅሎ አድሮም ከደከመ ጥፋቱ የራሱ የባትሪው ነው። አንዲት መፍቻ ብቻ የሚፈልግ ምርመራ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ሳይሞክረው ገንዘብ ያወጣል፤ እኔም አንዱ ነበርኩ።

ለማን ይታይ ላልከው የእኔን ልንገርህ። መጀመሪያ የሄድኩት ባትሪ ሻጭ ጋር ነው። የባትሪ ሻጭ ጥቅሙ የሎድ መሞከሪያ ስላለው ነው፦ ባትሪው ላይ የተጻፈውን የብርድ ማስነሻ አምፔር ግማሽ ለ15 ሰከንድ ይጭንበታል፤ በዚያ ጊዜ ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል ማለት ነው። ግን ይህ የሚሠራው ቻርጅ ለሞላ ባትሪ ነው። ባዶውን ይዘህለት ከሄድክ ጤነኛውም የሞተ ይመስላል፣ አዲስ ተሸክመህ ትመለሳለህ። እኔ ተሸክሜ ተመልሻለሁ። ቀጥሎ የሞተር ሥራውን አምኜ የምሰጠው መካኒክ ጋር ሄድኩ፤ ዲናሞ አስቀየረኝ። እጁ ወርቅ ነው፣ ግን ሽቦ አይወድም፤ የሚገምተውን ይቀይርና «ሞክራት» ይልሃል።

በመጨረሻ ያገኘሁት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ምንም ሳይፈታ ሜትሩን አወጣ። ቁልፉ ወጥቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ መኪናዋ 0.8 አምፔር ስትጠጣ አሳየኝ። በ12 ሰዓት ሌሊት ወደ 10 አምፔር ሰዓት ነው፤ 45 አምፔር ሰዓት ለሚይዝ ባትሪ ሁለት ቀን በቃው። ከዚያ ወደ ዳሽቦርዱ ጠቁሞ «ይቺ መርፌ ለምን አልወረደችም?» አለኝ። የነዳጅ መለኪያዋ ቁልፉ ወጥቶም ግማሽ ላይ ቆማ ነበር፤ እኔ ስንት ወር እያየኋት አላየኋትም። የማስነሻ ቁልፉ ስዊች ከአንድ በላይ መስመር ነው የሚቆርጠው። የእኔው ስዊች የቦቢናውን (ለሻማ ከፍተኛ ቮልት የሚፈጥረውን) መስመር ይቆርጣል፣ ስለዚህ ሞተሩ ይጠፋል፣ ማንም ስዊቹን አይጠረጥርም። የመለኪያዎቹና የቾክ ማሞቂያው ኮንታክት ግን ተጣብቆ ይቀር ነበር።

ስለዚህ የእኔ ጥቆማ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው። ከመስጠትህ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው፦ «መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» «ሁሉም ጠፍቶ ስንት አምፔር እንደሚወጣ እለካለሁ» ካለህ ተወው ይሥራ። «ዲናሞውን አወርዳለሁ» ካለህ ወይም መቁረጫ ካነሳ አመስግነህ ሂድ።

ሌላ አስተያየት፦ ይህን ሁሉ ከማስረዘም ቦቢናውን ይቀይር። የድሮ ቦቢና ሌሊት ባትሪ ይጠጣል። ሲግል በእጅ ይታወቃል።

ሌላ መልስ፦ በዚህ ሥራ ዕድሜዬን ስለጨረስኩ ይህን ነገር ሳላርመው አላልፍም። ልጆች፣ ቁልፉ ተዘግቶ ቦቢናው ላይ ሙሉ ኃይል ቢቀር ኖሮ ሞተሩ መች ይጠፋ ነበር? ማታ ሞተሩ በሥርዓት ከጠፋ ቦቢናውን አትክሰሱት። ቦቢና ባትሪ የሚጨርሰው ቁልፉ በርቶ ሞተሩ ቆሞ ሲቀር ነው። ሬዲዮ ለመስማት ቁልፉን አንድ ደረጃ አሳልፎ ማዞር፣ ሞተር በራሱ ሲጠፋ ቁልፉን ሳይመልሱ መውረድ፣ መኪና አጣቢ ሲነካካው፤ እንዲህ ያለው። ባላስት ሬዚስተር (ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ኃይል የሚቀንስ) የሌለው የድሮ ቦቢና ወደ 3 ኦም ነው፤ 12 ቮልትን ለ3 ብታካፍለው 4 አምፔር። ባትሪውን ከመጨረሱ በፊት ቦቢናውም ፖይንቱም ይግላሉ። ደግሞ ሁልጊዜ አይሆንም፦ ሞተሩ ሲቆም ፖይንቱ ተከፍቶ ከቀረ ምንም አያልፍም፣ ተዘግቶ ከቀረ ያልፋል። «አንድ ቀን ይጨርሳል፣ አንድ ቀን ደህና ያድራል» የሚባለው አንዳንዱ ከዚህ ነው የሚመጣው።

በእጅ ይታወቃል ያልከው ግን ለዲናሞ ልክ ነው። ቆማ ካደረች በኋላ፣ ጠዋት ምንም ሳይነካ ዲናሞውን በእጅህ ዳስሰው። ሌላው ብረት ቀዝቅዞ እሱ ለብ ካለ ዳዮዱ (ኃይል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ክፍል) አፍስሷል። ቁልፉ ወጥቶ የቻርጅ ምልክቱ ደብዘዝ ብሎ ከበራም ያው ነው።

ጠያቂ፦ ጋሼ አመሰግናለሁ። ራሴ ልለካ ብል የቱን ሜትር ልግዛ? ክላምፕ የሚሉት ይሻላል ወይስ ተራው?

መልስ፦ ለአንተ መኪና ተራው መልቲሜትር ይበቃል፣ 10 አምፔር የሚል ቀዳዳ ይኑረው እንጂ። ቀዩን ገመድ እዚያ ሰክተህ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅለህ፣ ሜትሩን በባትሪው ራስና በተነቀለው ገመድ መካከል ታስገባለህ። በዚያ ሁኔታ ቁልፉን እንዳትነካ፤ ሞተሪኖ ካስነሳህበት የሜትሩ ፊውዝ ይሄዳል። ርካሾቹ በዚህ ቀዳዳ ከ10 ሰከንድ በላይ አያዝ የሚል ማስጠንቀቂያ አላቸው፣ አንብበው። ክላምፕ ምቾት አለው፣ ምንም ሳትነቅል ገመዱን አቅፈህ ታነባለህ። ብዙዎቹ ርካሽ ክላምፖች ግን የቤት መብራት ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚለኩት። ዲሲ (የባትሪ ኤሌክትሪክ) አምፔር የሚል ጽሑፍ ያለውና ቢያንስ እስከ 10 ሚሊ አምፔር ድረስ ዝቅ ብሎ የሚያነብ ካልሆነ ለዚህ ሥራ አይረባም። ሜትር ከሌለህ 5 ዋት አምፖል በሁለት ሽቦ አስረህ በሜትሩ ቦታ አስገባው፦ ደምቆ ከበራ ትልቅ ፍሳሽ አለ። ትንሹን ግን አያሳይህም።

ኮምፒውተር የሌላት መኪና፣ ሰዓትና የሬዲዮ ሚሞሪ ብቻ ካላት፣ ከ30 ሚሊ አምፔር ማለፍ የለባትም። 50 ካለፈች ፈልግ። ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀልክ ቁጥሩ የሚወርድበትን ያዝ። በመጀመሪያ የዕቃ ማስቀመጫ ሳጥንና የኋላ ክዳን መብራትን ተጠራጠር፤ አንድ 5 ዋት አምፖል ብቻ በቀን 10 አምፔር ሰዓት ይበላል። ቀጥሎ ሰው በኋላ የጨመረውን፦ አላርም፣ ሬዲዮ፣ ቻርጀር። ሁሉም ፊውዝ ተነቅሎ ቁጥሩ ካልወረደ በዋናነት ዲናሞና ሞተሪኖ ቀሩህ፤ ወፍራሙ ገመዳቸው በፊውዝ ሳጥኑ አያልፍምና። የዲናሞውን ገመድ ከመፍታትህ በፊት ኔጌቲቩ መነቀሉን እይ፣ የተፈታውን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልለው። ያ ገመድ ማሳ (የመኪናውን ብረት) ከነካ እሳት ነው።

ሌላ አስተያየት፦ ከማስመርመሩ ይልቅ ለምን የባትሪ ማጥፊያ ስዊች አይገዛም? እኔ ኔጌቲቩ ላይ አስገጥሜ ተገላገልኩ።

መልስ፦ መኪናው በሳምንት አንዴ የሚነዳ ከሆነ ጥሩ ዕቃ ነው፣ እኔም አለኝ። ከምርመራ ግን አያድንም። ዛሬ የተጣበቀ ኮንታክት ነገ ይግላል፣ ሽቦም ይቃጠላል። በሶኬት የሚሠራው ባትሪ ጠባቂ ቻርጀር መኪናህ ሶኬት አጠገብ የምታድር ከሆነ ከስዊቹ ይሻላል፤ ሲሞላ ራሱን የሚቀንስ ይሁን እንጂ። ኪስ የሚገባው ማስነሻ ባትሪ መንገድ ላይ ያድንሃል፣ ችግሩን ግን ይሸፍንልሃል፤ እኔ በእሱ ስንት ወር ራሴን አታለልኩ። ትልቅ ባትሪስ? ጎተራው ያፈሳል ብሎ ትልቅ ጎተራ እንደመሥራት ነው።

ጠያቂ፦ ውጤቱን ላሳውቃችሁ። ነቅዬ አሳደርኳት፣ ጠዋት በአንድ ዙር ተነሳች። ሜትሩ 1.2 አምፔር አነበበ። ፊውዞቹን ጨረስኩ፣ አልወረደም። የዲናሞውን ገመድ ስፈታ 0.01 ሆነ። ዲናሞ ቀይር ያለኝ ሰው ይኸን ሰምቶ ሊስቅብኝ ነው።

ሌላ መልስ፦ አይሳቅብህም፣ እሱ ቀይር ነው ያለህ። ዳዮዱን ብቻ የሚቀይር የዲናሞ ጠምጣሚ ፈልግ፤ ሮተሩና ስታተሩ (የዲናሞው የውስጥ ጥቅልሎች) ደህና ከሆኑ ሙሉ ዲናሞ አትግዛ። ሲመልስልህ ሞተሩን አስነስተህ ባትሪው ላይ ለካ፦ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካላነበበ ገንዘቡን አትክፈል። እስከዚያ ማታ ማታ ንቀል።