ፈገግታም ከስቶር ይወጣል?

የሌሊት ተረኛ፦ ትናንት እዚሁ «ፈገግ ማለት ያቃታት ነርስ ሙያውን ትልቀቅ» ያልከው ሰውዬ፣ አለህ? አሁን ከዲዩቲ መውጣቴ ነው። ለ34 በሽተኛ ሁለት ሆነን አደርን። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ጓንት አለቀ። ፈገግታውም አብሮ ሳያልቅ አልቀረም።

ኮምቦልቻ ጋራዥ፦ አለሁ፤ አሁንም እላለሁ። እናቴን ሳስታምም «ግሉኮሱ አልቋል» ብል ነርሷ «አይቻለሁ!» ብላ ጮኸችብኝ። እናቴ ምን አጠፋች?

የሌሊት ተረኛ፦ ማዘርን አላህ ያሽራቸው። ግን አንተ ያየሃት በስንተኛው ሰዓቷ ነው?

የሐይቁ መምህር፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ በርንአውት፣ ማለትም በሥራ ስለ መዛል፣ ሲጽፍ በሽታ ነው አላለም። መላ ያላገኘ የሥራ ቦታ ጭንቀት የሚያመጣው ነው ያለው። አቅም ይሟጠጣል፣ ሥራው ያስጠላል፣ የሠሩት ሁሉ ከንቱ ይመስላል። ልጅቷን ከመርገም የሥራ ቦታዋን ማየት ነው።

ኮምቦልቻ ጋራዥ፦ ጋሼ፣ እኔም መኪና ሥር ተኝቼ ነው የምውለው። ደንበኛ ላይ ግን አልጮህም።

ፒያሳ፦ አልጮህም?! መኪናዬን ወር ሙሉ አስቀምጠህ ስጠይቅህ ምን ነበር ያልከኝ?

ኮምቦልቻ ጋራዥ፦ መለዋወጫ ጠፍቶ ነዋ! እኔ ከየት ላምጣው?

የሌሊት ተረኛ፦ ወላሂ እንዲህ በልልኝ! መለዋወጫ ሲጠፋ አንተ ትጮሃለህ፣ ጓንት ሲጠፋ እኔ ፈገግ ልበል?

ፒያሳ፦ 😂😂

ኮምቦልቻ ጋራዥ፦ ነገር አታጣሚ። በግንቦት 2017 ሥራ ስታቆሙስ በሽተኛውን ማን አየው?

ቧንቧ ውሃ፦ በ2014 የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ ባዶውን ሲቀር እንደገና ሥራ ያስጀመሩትስ እነማን ናቸው? ያኔ ጀግና፣ ደመወዝ ሲጠይቁ ጨካኝ!

የሐይቁ መምህር፦ ደመወዝ ብቻ ግን አይመስለኝም።

የሌሊት ተረኛ፦ አይደለም ጋሼ። «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» የምለው እኔ ነኝ። አልጋ የለም የምለውም እኔ ነኝ። ግዢውን የሚወስነው ሰውዬ ዋርድ ውስጥ አይታይም። አስታማሚ የሚሰድበው ፊቱ ያገኘውን ነው፤ የሚያገኘው ደግሞ እኔን። ጠዋት ማትሮኗ፣ የነርሶቹ አለቃ፣ መጥታ «ቻርቱ ለምን አልተሞላም?» ትለኛለች። እንዴት አደርሽ የሚል የለም።

ኮምቦልቻ ጋራዥ፦ እሺ፣ ይሁን። ፈገግታ ግን በጀት አይጠይቅም።

የሌሊት ተረኛ፦ አሁንም ፈገግታ! አብሽር፣ ዛሬም ሌሊት ነኝ። አንተ ጓንቱን ይዘህ ና፣ ፈገግታውን እኔ እችላለሁ።

ፒያሳ፦ መኪናዬስ?