ሳይሞክሩ መሞከር እንዴት ይቻላል?

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከሦስት ወር ወዲህ በየማለዳው ጣና ዳር፣ ታንኳዎች ከሚታሰሩበት አጠገብ ተቀምጬ ከቻይናው የዳኦ ትምህርት የተቀዳ የጽሞና ልምምድ እሞክራለሁ። ያስቸገረኝ «ዉ ዌይ» የሚሉት ነው፤ ሳያደርጉ ማድረግ፣ ሳይገፉ መሄድ። ዘና ለማለት በጣርኩ ቁጥር ትከሻዬ ይደርቃል። «ጥረቱን ተው» ብዬ ራሴን ሳዝ ደግሞ መተዉ ራሱ ሌላ ጥረት ሆኖ ያርፈዋል!

የዚህ ትምህርት ዋና መጽሐፍ ከሆነው ከዳኦ ዴ ጂንግ 81 ምዕራፎች 15ኛው፣ የደፈረሰ ውሃ ዝም ሲሉት ቀስ ብሎ እንደሚጠራ ይናገራል። ክረምት ላይ ጉማራና ርብ ጣናን በደለል ሲያደፈርሱት እያየሁ ስላደግሁ ይህችን ወዲያው ተቀበልኳት። በእኔ ላይ ግን ውሃውም እኔ፣ በእንጨት የሚያማስለውም እኔ።

ምናልባት ያበላሸኝ ቅኔ ቤት ያሳለፍኩት ጊዜ ይሆናል። ሰሙን ገልጬ ወርቁን ካላገኘሁ አላርፍም፤ እነዚህ ተቃርኖዎች ግን ወይ ወርቅ የላቸውም፣ ወይ ፈልጎ ለተነሣ አይሰጡም።

በዚህ መንገድ የቆያችሁ፣ እንዲህ ያለውን አባባል በልምምድ ሰዓት ምን ታደርጉታላችሁ? ታሰላስሉታላችሁ ወይስ አንድ ጊዜ ሰምታችሁት ወደ ትንፋሻችሁ ትመለሳላችሁ? ጥረቱ ሲመጣስ ትታገሉታላችሁ ወይስ እንደ መጣ ታዩታላችሁ? እባካችሁ የሞከራችሁትን ንገሩኝ።