ለቁርጥራጭ አልጋ ልብስ የሚሆን ልባሽ ጨርቅና አሮጌ የስፌት ዕቃ ጎንደር ውስጥ እንዴት ይመረጣል?

የቁስቋሟ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ ቁስቋም አካባቢ ሲሆን፣ ከመደበኛ ሥራዬ በሚተርፈኝ ጊዜ ቁርጥራጭ ጨርቆችን በልክ እየቆረጥሁና እየገጣጠምሁ የአልጋ ልብስና የትራስ ልብስ እሰፋለሁ። ሥራው ሦስት ንብርብር አለው፤ ላይኛው የተገጣጠመው ጨርቅ፣ መካከለኛው ሙቀት የሚሰጠው ጥጥ፣ ታችኛው ገበሩ ሲሆን፣ ሦስቱም በስፌት አንድ ላይ ይያያዛሉ። አዲስ ጨርቅ በሜትር ገዝቶ መቆራረጡን ኪሴም አይችለው፣ አንጀቴም አይፈቅደው፤ ስለዚህ ፊቴን ያዞርሁት በቅዳሜ ገበያ ልባሽ ወደሚዘረጉት ነጋዴዎች ነው።

ልጠይቃችሁ የፈለግሁት ስለ ምርጫው ነው። ክምሩ ውስጥ ሁሉም አበባና መስመር ያማረ ይመስላል፤ ንጹሕ ጥጥ የሆነውን እዚያው መደቡ ላይ ቆሞ መለየት የሚቻለው በምንድን ነው? ከየትኛው ልብስ ብዙ ጨርቅ ይገኛል? በተጨማሪም አንድ ጎረቤት በእግር የሚሠራ አሮጌ ሲንጀር የስፌት መኪና ሊሸጡልኝ አሳይተውኛልና፣ ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ምኑን ልመልከት?

ባለመቀሷ

እህቴ፣ ቀለሙን ተዪውና ከክሩ ጀምሪ። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ንጹሕ ጥጥ፣ ያውም ሸሚዝና አንሶላ የሚሠራበት መካከለኛ ውፍረት ያለው ነው፤ ምክንያቱም ጥጥ ካውያ ሲያርፍበት ስፌቱ ታጥፎ ይተኛል፣ ቁራጭም ከቁራጭ ጋር ማዕዘኑን ጠብቆ ይገናኛል። ፖሊስተር የተቀላቀለበት ጨርቅ ጭምድድ አለማለቱ ለለባሹ ቢመችም ለእኛ ያው ራሱ ጉድለት ነው፤ እጥፉን አይዝም፣ ካውያው ከጋለበትም ያብለጨልጫል። ቲሸርትና ማንኛውም የሚለጠጥ ጨርቅ ከማይለጠጠው ጋር ሲሰፋ ያኮማትራልና ምንም ቢያምርሽ እለፊው።

መደቡ ላይ ሆነሽ በመጀመሪያ የውስጡን ምልክት አንብቢ። ምልክቱ ተቆርጦ ከሆነ ጨርቁን በመዳፍሽ ጭብጥ አድርገሽ ጥቂት ቆይተሽ ልቀቂው፤ ጥጥ ተጨማድዶ ይቀራል፣ ፖሊስተር የበዛበት ወዲያው ይዘረጋል። ቤት ከገባሽ በኋላ የሚያረጋግጥልሽ እሳት ነው። ከመስፊያው ክር ሳይሆን በስፌቱ ውስጥ ከታጠፈው ከጨርቁ ከራሱ ጥቂት ክር መዝዘሽ፣ በወረንጦ ይዘሽ፣ ውሃ ካለበት ሳህን በላይ ለኩሺው። ጥጥ ቶሎ ይነድዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ የሚተርፈውም በጣት ሲነኩት የሚበን ለስላሳ አመድ ነው። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ጠጉር ይሸታሉ። ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም ጠጣር ጠብታ ሆኖ ይቀራል፤ ቀልጦ ሳለ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ በእጅሽ አትንኪው።

ከልብስ ሁሉ ብዙ ጨርቅ የሚሰጠው ትልቅ ቁጥር ያለው የወንድ ሸሚዝ ነው። ጀርባው አንድ ወጥ ሰፊ ጨርቅ ነው፣ የእጅጌው የላይኛው ክፍልም እምብዛም አያረጅም፤ ክርኑና ብብቱ ግን የደከሙ በመሆናቸው፣ አንገትጌውና የእጅጌው ጫፍም ውስጣቸው ማጠንከሪያ ስላለበት ለዚህ ሥራ አይሆኑም። የፊቱን ክፍል ቁልፉን ሳትፈቺ ከነቀዳዳው ቆርጠሽ የትራስ ልብስ ጀርባ ብታደርጊው፣ መክፈቻው ተሠርቶ የተዘጋጀ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ከሌላው የተረፈውን ቁልፍ በየዓይነቱ በክር ሰክተሽ አስቀምጪ፤ አንዳንድ ጊዜ ከዛጎል የተሠራ ያጋጥማልና፣ ጉንጭሽ ላይ ስታስጠጊው ከፕላስቲኩ ይልቅ በመቀዝቀዙ ትለዪዋለሽ። ሻጮቹ ለቁልፉ ብለው ዋጋ ሲጨምሩ አይቼ አላውቅም፤ አንቺም ቁልፉን እያየሽ መሆኑን አታሳውቂ።

አንሶላ ለገበር ተስማሚ ነው፣ ሰፊ ስለሆነ መቀጣጠል አያስፈልገውም። ነገር ግን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገሽ ተመልከቺው፤ መተኛው ላይ ከሳሳ ዳር ዳሩን ብቻ እንደምትጠቀሚበት ቆጥረሽ ዋጋውን በዚያው ልክ ተከራከሪ። በሁለት አውራ ጣትሽ ወጠር ስታደርጊው የሚቀደድ ጨርቅ በነፃ ቢሰጡሽም አትውሰጂው።

ወደ ቤት የገባ ሁሉ ሳይታጠብ ከሌላው ጋር አይቀመጥ። ከ60 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ ትኋኑንም እንቁላሉንም ይገድላል፤ ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ቢፈላም ለዚህ ጉዳይ ከበቂ በላይ ነው። ጥጡም የሚሰበሰበውን ያህል ከመቆረጡ በፊት ተሰብስቦ ያልቃል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ጫፉን አርጥበሽ ነጭ ጨርቅ ላይ በካውያ ተጫኚውና ቀለም መልቀቁን እዪ። ጨውና ኮምጣጤ ቀለም ያስይዛሉ የሚለው ምክር በየቤቱ ይነገራል፣ በፋብሪካ የተነከረውን ጨርቅ ግን አያስይዙትም፤ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ደጋግሞ ማጠብ፣ አሁንም ካልተወ ከነጭ ጋር አለመግጠም ነው።

የአራዳው ልብስ ሰፊ

እኅታችን፣ ከላይ የተሰጠዎት ምክር ትክክል ነው፤ ሆኖም ሥራዎን በልባሽ ላይ ብቻ አያቁሙት እላለሁ። ልባሽ ጨርቅን ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ በመሆኑ፣ አንድ ሳምንት ገበያው ሞልቶ በሌላው ሳምንት የሚመረጥ ነገር ሊጠፋ ይችላል፤ ዋጋውም እንዲሁ ይዋዥቃል። በየበረንዳው መኪና ዘርግተን የምንሰፋ ሰዎች ከመቁረጫ ጠረጴዛችን ሥር በየቀኑ የሚወድቀው ቁራጭ ግን አዲስ ነው፣ ያልተለበሰ ነው፣ የዓይነቱንም ስም ጠይቀው ከሰፊው ከራሱ አፍ ይሰማሉ። ብዙዎቻችን ለትራስ መሙያ እንሰጠዋለን ወይም እንጥለዋለን። ጆንያ አምጥተው ከአንድ ሁለት ሰፊ ጋር ቢስማሙ፣ መዳፍ የሚያህለውንና ከዚያ በላይ የሆነውን ለይቶ የሚያቆይልዎት አያጡም። ከዚያ ያነሰውን አይጠይቁ፤ ስፌቱ በእያንዳንዱ ጠርዝ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚወስድ፣ አራት ሳንቲ ሜትር የነበረው ቁራጭ ተሰፍቶ ሲያልቅ ሦስትም አይሞላም።

ጊዜውንም ይምረጡ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንዲሉ፣ ከጥር 11 በፊት ባሉት ሳምንታት ከተማው በሙሉ ልብስ ስለሚያሰፋ ቁራጩ የሚበዛው ያኔ ነው፤ የሐበሻ ልብስ ከሚሰፉት ዘንድም የጥለት ጫፍ ይገኛል። የሚያብረቀርቅ ክር ያለበትን ጥለት ግን ከጀርባው በኩል፣ ካውያውን ቀዝቀዝ አድርገው ይተኩሱት፤ አለዚያ ክሩ ይኮማተራል።

ስለ ሲንጀሩ፦ መኪናው መጥበቁ ብቻውን አያስፈራዎት። ለዓመታት ሳይሠራ የቆመ መኪና ዘይቱ ደርቆ ይይዘዋል፤ በየዘይት ቀዳዳው ጥቂት ላምባ ጠብ አድርገው ካሳደሩት በኋላ መዞሪያውን በእጅ ቀስ እያሉ ሲያንቀሳቅሱት ብዙውን ጊዜ ይለቃል፣ ከዚያም የስፌት መኪና ዘይት ይሰጡታል። የምግብ ዘይት ግን ፈጽሞ አይንካው። የተሰነጠቀ ብረትና ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ የመርፌ ዘንግ ካለ ይተዉት። ከሁሉ በላይ ከመርፌው ሥር ያለውን መክደኛ ስበው የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን ይመልከቱ። ክብ ከሆነና መኪናው የሲንጀር 15 ዓይነት ከሆነ ሳይጠራጠሩ ይግዙ፤ ከቻይና ከሚመጡት በእግር የሚሠሩ መኪኖች ብዙዎቹ በዚያው ንድፍ ስለተሠሩ መርፌውም መለዋወጫውም በየሱቁ አለ። ረጅምና ቀጭን፣ ጥይት በሚመስል ማመላለሻ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን አሮጌ ሥሪት ነውና፣ ከነመጠባበቂያው ካልሰጡዎት በቀር ፈልጎ ማግኘቱ ያደክማል። ጭንቅላቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የተሠራበትን ዘመን ያመለክታል፤ ዘመኑን ማወቅ ደስ ይላል እንጂ ስፌቱን አያሳምረውም። ቺንጋው ቢላላ ወይም ቢበጠስ ቀላል ነው፣ ይቀየራል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራዎ የማይቆም መሆኑን ደግሞ ከዋጋው ጋር ያስቡት።

እናት ከአዘዞ

ልጄ፣ ለመካከሉ ጥጥ ስትገዢ ገንዘብሽን አትጨርሺ። ጠርዙ የተበላ፣ ለመልበስ የማይሆን አሮጌ ጋቢ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጋቢ ድሮም አራት ድርብ ስለሆነ፣ ሁለቱን ድርብ ለይተሽ ብታስገቢ እንኳ ለጎንደር ብርድ ይበቃል፤ እንደ ተባዘተ ጥጥም በእጥበት አይሸሽም። የሰው ማስታወሻ የሆነውን፣ ከሟች የቀረውን ጋቢ ግን ባለቤቶቹን በደንብ ሳትጠይቂ መቀስ አታሳርፊበት፤ ሰው አፍሮ «ውሰጂው» ይልና በኋላ ይቆጨዋል።

የቁስቋሟ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ፣ የጋቢው ነገር ፈጽሞ በሐሳቤ አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ በእጅ የተፈተለው ክር ልል ስለሆነ፣ ከተሰፋ በኋላ ተሰብስቦ ላይኛውን ጨርቅ አያጨማድደውም?

እናት ከአዘዞ

ካላጠብሽው ያጨማድደዋል። አስቀድመሽ በሙቅ ውሃ እጠቢውና ሳትጨምቂ ጥላ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው፤ በገመድ ከተሰቀለ በራሱ ክብደት ይንጋደዳል። ከደረቀ በኋላ ከላይኛው ጨርቅ በሁሉም በኩል አንድ መዳፍ አስተርፈሽ ቁረጪ እንጂ በልኩ አትቁረጪው።

የአራዳው ልብስ ሰፊ

ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ሦስቱን ንብርብር መኪና ላይ ከማውጣትዎ በፊት ከመካከል ወደ ዳር እየሄዱ በሰፋፊው በእጅ ይሸልሉት፣ ማለትም ላላ ባለ ጊዜያዊ ስፌት ያያይዙት፤ ከዳር ከጀመሩ መካከሉ ላይ ያብጣል። ጋቢው ወፍራም ስለሆነ 100 ቁጥር መርፌ ይጠቀሙ፣ ስፌቱንም ረዘም ያድርጉት። የሲንጀሩን ታችኛ ክር መያዣ ፎቶ አንስተው እዚህ ቢለጥፉልን፣ ክቡ ይሁን ረጅሙ አይተን እንነግርዎታለን።