የከብት አጥንት ሳቃጥል መሃሉ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ከዱቄቱ ጨምቄ የሠራሁት ፔሌትም ይፈረፈራል። ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ፣ አዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ሥራዬ ባዮማቴሪያል ላይ ነው። ከከብት አጥንት ሃይድሮክሲአፓታይት አውጥቼ ለአጥንት ምትክ የሚሆን ነገር መሥራት አለብኝ። ለማያውቀው፣ ሃይድሮክሲአፓታይት ማለት አጥንታችንን የሚያጠነክረው የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን ነው። ደረቅ አጥንት ከሦስት እጅ ሁለቱ ገደማ እሱ ነው። የቀረው በአብዛኛው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ኮላጅኑንና ስቡን አቃጥሎ ማስወገድ፣ ማዕድኑን ማስቀረት ነው ሥራው። ወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ነው።

ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ከሰፈሬ ልኳንዳ የጭን አጥንት ጠየቅሁ። «ለውሻ ነው?» አለኝ። «ለላብ ነው፣ ለላብራቶሪ» ስለው ዋጋ ጨመረብኝ። ሁለት ሰዓት ቀቀልኩት፣ ሥጋውን ፋቅሁት፣ የተከራየሁበት ቤት ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት። ከዚያ አውራ ጣት አውራ ጣት እያሳከልኩ ሰባብሬ ክሩሲብሉን (እሳት የሚችለውን የላብ ጽዋ) ሞላሁና ከድኜ 800 ዲግሪ ላይ ለ2 ሰዓት አቆየሁት። ውጩ ነጭ ሆነ። ስሰብረው መሃሉ ከሰል ነው። ላቡም ያረረ ጥብስ ሸቶ ሁሉም መስኮት ሲከፍት ዋለ።

እንደዚያም ሆኖ ነጩን ለይቼ በሙቀጫ ወቀጥኩት፣ ፕሬስ አድርጌ ፔሌት ሠራሁ፣ 1100 ዲግሪ ላይ መልሼ አስገባሁ። ሲወጣ ያምራል። በጣቴ ጫን ሳደርገው እንደ በሶ ተፈረፈረ።

ርዕሴ «ሸክም የሚችል የአጥንት ምትክ» ነው የሚለው። የቀረኝ 5 ወር ነው። በእናታችሁ፣ ይሄን ነገር የሠራ ካለ ይርዳኝ።

መልስ፦ የላብ ቴክኒሻን፣ አዳማ

ልጄ፣ አትደንግጪ። ጥቁሩ ያልተቃጠለ ካርበን ነው። ያነሰው ሙቀቱ ሳይሆን አየሩ ነው። ክሩሲብሉን ሞልተሽ፣ በዚያ ላይ ከድነሽ፣ አየር በየት ይግባ? ከሰል አክሳይም እኮ እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ እንጨቱን አፈር ያለብሰዋል።

መጀመሪያ መቅኔውን አውጪ። አጥንቱን ሳትቀቅዪ በፊት ቁመቱን በመጋዝ ሰንጥቂና ውስጡን በሽቦ ጥረጊ። ያን ሁሉ ጭስ ያመጣው መቅኔው ነው። ቀቅለሽ ውኃውን ቀይሪ፣ ደግመሽ ቀቅዪ። ላዩ ላይ ስብ መንሳፈፉን እስኪያቆም ድረስ ቀጥዪ። ሁለት ሰዓት አይበቃም። ከዚያ አንድ ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በታች አድርጊና ሰፊ የሴራሚክ ሳህን ላይ በስሱ በትኚው። ክዳን የለም። የፈርነሱ (የላብ ምድጃው) የጭስ መውጫ ክፍት ይሁን። በደቂቃ 5 ዲግሪ እያልሽ 900 ድረስ ውጪ፣ እዚያ 3 ወይም 4 ሰዓት ይቆይ።

ያለቀ መሆኑን በዓይን አትፍረጂ። ሲወጣ መዝኚው፣ መልሰሽ አንድ ሰዓት አስገቢና እንደገና መዝኚ። ካልቀነሰ አልቋል። አንዳንዱ ቁራጭ ሰማያዊ ቢጤ ሆኖ ቢወጣ ቆሻሻ መስሎሽ እንዳትጥዪው፤ አጥንት ውስጥ ያለችው ቅንጣት ማንጋኒዝ እንዲህ ያለ ቀለም ትሰጣለች።

አሁን ወደ ፔሌቱ። በሙቀጫ የተወቀጠ ዱቄት ለዚህ ሥራ አሸዋ ማለት ነው። ቅንጣቶቹ ትልልቅ ከሆኑ ምድጃ ውስጥ እርስ በርስ አይያያዙም። ቦል ሚል (በኳሶች የሚፈጭ ማሽን) ካገኘሽ ብዙ ሰዓት ይፍጨው፣ ከዚያ በደቃቅ ወንፊት ንፊው። ትንሽ ፖሊቪኒል አልኮሆል በውኃ አሟሚና ለማያያዣ ጨምሪበት፣ ሁለት ሦስት በመቶ ይበቃል። የአናጢ ኮላ አይደለም! አንድ ተማሪዬ ኮላ ጨምሮ ሻጋታው ላይ ተጣብቆበት በመዶሻ ነው ያወጣነው።

ምድጃ ሲገባ እስከ 500 ዲግሪ በደቂቃ 1 ወይም 2 ዲግሪ ብቻ። ማያያዣው ቀስ ብሎ ይውጣ። ከዚያ 1200 ላይ 2 ሰዓት። 1100 ለአንቺ ዱቄት አልበቃውም። ከ1200 ብዙ እንዳታልፊ፣ ማዕድኑ ትራይካልሲየም ፎስፌት ወደሚባል ሌላ ማዕድን መፍረስ ይጀምራል። ሲያልቅ በሩን አትክፈቺ፣ በራሱ ጊዜ ይብረድ። መብራት ቢሄድም እንደዚያው። ደንግጠሽ በሩን ከከፈትሽ መሰንጠቁ ነው።

መልስ፦ የልኳንዳ ቤት ልጅ

ሳይንሱ ላይ የለሁበትም፤ አጥንቱን ግን አውቀዋለሁ። የፊት እግሩንና የኋላ እግሩን ቀጥ ያለ መሃል ክፍል ስጡኝ በይ። ጫፍ ጫፉ ወንፊት የመሰለ ነው፣ ስቡም አይለቅም። የአንድ በሬ ብቻ ቢሆን ይሻላል፣ ያረጀና ጥጃ ተቀላቅሎ እንዳይሰጥሽ። ደግሞ ሁዳዴ ሳይገባ ሰብስቢ። 55 ቀን የኛ በር ዝግ ነው። ረስተሽ ከቆየሽ ወደ ሙስሊም ልኳንዳዎች ነው የምትሄጂው። ዋጋውን የጨመረብሽ ሰውዬ አሳፍሮናል፣ አጥንት እኮ በነፃ ነው የምንሰጠው።

መልስ፦ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሬዚደንት፣ ሐዋሳ

እህቴ፣ ላቡን ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ ያስጨነቀኝ ርዕስሽ ነው። «ሸክም የሚችል» ያልሽው ቃል።

እዚህ ዋርድ ውስጥ የማየውን ልንገርሽ። ባጃጅ ወይም ሞተር የመታው ሰው ይመጣል። የቅልጥም አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል፣ ከአጥንቱም የጎደለ ቁራጭ አለ። አንዳንዱ መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄዶ፣ ቀርከሃው ጠብቆ ታስሮ፣ ደም መዘዋወር ካቆመ በኋላ ነው የሚደርሰን። ለሱ የሚያስፈልገው አጥንት ሳይሆን መቁረጫ መጋዝ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይቅርታ፣ ከርዕስ ወጣሁ።

ጎደሎውን አሁን በምን እንሞላለን? ከራሱ ከታማሚው ዳሌ ጠርዝ ላይ ፍቀን። እስካሁን የተሻለ አልተገኘም፤ ሕይወት ያለው ሴል አለበት፣ ሰውነቱም አይገፋውም። ግን የሚገኘው ጥቂት ነው። ታማሚዎቹ ደግሞ ከእግራቸው ይልቅ ዳሌያቸውን ሲያማቸው እሰማለሁ። ያንቺ ነገር የሚገባው እዚህ ጋ ነው። የታማሚውን አጥንት የሚያበረክት፣ አብሮት የሚደባለቅ መሙያ። ሸክሙን የሚችለው አጥንቱን ለመደገፍ የምናስገባው ብረት ነው። መሙያው አይደለም።

ሌላም አስቢ። ክፍተት ያለው አጥንት የማይድነው ዕቃ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ደም ስር ሲጠፋና ኢንፌክሽን ሲገባ ነው። ማስኬሌ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ያስተማረን ዘዴ አለ። ክፍተቱን መጀመሪያ በአጥንት ሲሚንቶ ትሞዪዋለሽ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲቆይ ሰውነት በሲሚንቶው ዙሪያ ደም ስር የሞላው ስስ ሽፋን ያበጃል። ከዚያ ሲሚንቶውን አውጥተሽ አጥንቱን እዚያ ከረጢት ውስጥ ታስቀምጪያለሽ። ሲሚንቶው ራሱ ወጥቶ ተጣለ፤ ሥራውን የሠራው ሽፋኑ ነው። ስለዚህ ያንቺም ዕቃ ደም ስር የሚገባበት ቀዳዳ ይኑረው። ቢያንስ 100 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው)፣ 300 ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ድፍን ፔሌት ለላብ መለኪያ ይሆንሻል፣ ለኔ ግን አይሆነኝም።

ጥያቄ በመሃል፦ ከሐዋሳ

ዶክተር፣ ካነሱት አይቀር። እናቴ እግሯ ውስጥ ብረት ከገባላት 3 ዓመት ሆነ። ክረምት ሲሆን ያማታል። ይሄ የላም አጥንት ለሷ ይሆናል? ጎረቤቶች ደግሞ ትታሽ እያሉ ነው።

መልስ፦ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሬዚደንት፣ ሐዋሳ

ወንድሜ፣ አይሆንም። ይሄ ገና ተማሪ ላብ ውስጥ ያለ ዱቄት ነው። እናትህን ኤክስሬይ አስነሣና ለአጥንት ሐኪም አሳያት። ብረቱ ላልቶ ወይም አጥንቱ ሳይገጥም ቀርቶ ከሆነ ይታያል። ገጥሞም ብረቱ ብቻ የሚያስቸግራት ከሆነ ይወጣላታል። ማሸቱን ተዉት። እማማን ሰላም በልልኝ።

መልስ፦ የማቴሪያል ምሕንድስና መምህር፣ ሐዋሳ

ሬዚደንቱ ያለውን በቁጥር ላጠናክርልሽ። የምትሠሪው ሴራሚክ ነው። ሲኒ በይው። ሲኒ ሲጫኑት ይችላል፣ ከረከቦት ላይ ሲወድቅ ግን ያልቃል። ድፍን ሃይድሮክሲአፓታይት ሲጫኑት ከአጥንት የማይተናነስ፣ እንዲያውም የሚበልጥ ቁጥር ይሰጥሻል። አማካሪሽም ይደሰት ይሆናል። ስንጥቅን የመቋቋም አቅሙ ግን 1 ገደማ ነው። የአጥንት በዚያው መለኪያ ከ2 እስከ 12 ይደርሳል። ለምን? አጥንት ጭድ ያለው ጭቃ ነው። ኮላጅኑ ጭዱ ነው። አንቺ ጭዱን አቃጥለሽ ጭቃውን ነው የያዝሽው።

በጣም መጠንከርም በራሱ ችግር ነው። የማይዝግ ብረት ከአጥንት 10 እጥፍ ያህል ግትር ነው፣ ቲታኒየም የብረቱን ግማሽ ያህል። ግትሩ ዕቃ ሸክሙን ለብቻው ሲሸከም አጥንቱ ሥራ ይፈታል፣ ሥራ የፈታ አጥንት ደግሞ ይሳሳል።

ርዕሱን «ሸክም ለማይበዛበት ክፍተት መሙያ» ብለሽ አማካሪሽን አነጋግሪ። አይቆጡሽም። የተለመደ ነው። ላሪ ሄንች የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ባዮግላስን (ከአጥንት ጋር የሚጣበቀውን መስታወት) ያገኘው እኮ እ.ኤ.አ. በ1967 አውቶቡስ ውስጥ ከአንድ ኮሎኔል ጋር ሲያወራ በተነሣ ጥያቄ ነው። ኮሎኔሉ ከቬትናም መመለሱ ነበር። ጨረር የሚቋቋም ዕቃ መሥራት ከቻላችሁ የሰው ሰውነት የማይገፋው ዕቃስ መሥራት አትችሉም ወይ አለው። በ1969 መስታወቱ ተሠራ፣ ከአጥንትም ጋር ተጣበቀ። ያ ኮሎኔል ባይጠይቅ ሄንች ሌላ ነገር ሲሠራ ይኖር ነበር። ላንቺ ኮሎኔልሽ ከላይ የጻፈልሽ ሬዚደንት ነው።

ለመለኪያ ኤክስአርዲ (በኤክስሬይ ማዕድኑን የሚለየው) እና ኤፍቲአይአር (በኢንፍራሬድ ብርሃን ኬሚካላዊ ትስስሩን የሚያሳየው) ይበቁሻል። ኤክስአርዲው ላይ ትልቁ ጫፍ 31.8 ዲግሪ አካባቢ መምጣት አለበት። የካልሲየምና የፎስፈረስ ምጣኔው 1.67 አጠገብ ይሁን። አፓታይት ይበቅልበት እንደሆነ ለማየት ሰው ሠራሽ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ልክተተው ካልሽ ኮኩቦ የሚባለውን ጃፓናዊ ተመራማሪ አሠራር ያዢ፣ 36.5 ዲግሪ፣ ፒኤች 7.4። በፕላስቲክ ዕቃ አዘጋጂው፣ ጨዎቹን በቅደም ተከተል ብቻ ጨምሪ። ከደፈረሰ ይደፋል፣ ምሕረት የለውም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ዕቃሽ ራሱ አፓታይት ነው። አፓታይት ላይ አፓታይት በቀለ ብሎ ማሳየት ብዙም የሚያስደንቅ አይደለም። ጥንቸል ላይ ልሞክር እንዳትዪ፤ የሥነ ምግባር ፈቃዱ ብቻ ጊዜሽን ይበላዋል።

መልስ፦ የዓሣ ነገር የሚገባው፣ ሐዋሳ

ኮላጅኑ ጭድ ከሆነ እኛ ጋ ሞልቷል። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ብትመጪ የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ቆዳና ቅርፊት በክምር ይጣላል። ብራዚሎች የቆሮሶ ቆዳ ቃጠሎ ላይ እያሰሩ ያክማሉ። ኮላጅን አውጥተሽ ከዱቄቱ ጋር ብታዋህጂውስ?

መልስ፦ የማቴሪያል ምሕንድስና መምህር፣ ሐዋሳ

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ለሌላ ተማሪ። የዓሣ ኮላጅን ከከብቱ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈታል። ተጨማሪ ማያያዣ ኬሚካል ካላገኘ የሰው ሰውነት ውስጥ ብዙ አይቆይም። 5 ወር ላላት ልጅ አዲስ ጣጣ አናምጣባት።

ምላሽ፦ የማስተርስ ተማሪዋ፣ አዳማ (ከስድስት ሳምንት በኋላ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በስሱ በትኜ፣ ክዳን አንሥቼ፣ 900 ላይ 4 ሰዓት። ነጭ! ሰበርኩት፣ መሃሉም ነጭ። 120 ግራም ደረቅ አጥንት አስገብቼ 77 ግራም ወጣ። መልሼ አስገብቼ መዘንኩት፣ አልቀነሰም። ሰማያዊ ያሉትም ሁለት ቁራጭ ላይ መጣ።

ፔሌት ሦስት ሠራሁ። አንደኛው ላይ መብራት ሄደ፤ በሩን አልከፈትኩም፣ እጄን በእጄ ይዤ ነው የተቀመጥኩት። መብራቱ ሲመለስ እንደገና አስኬድኩት፣ ተርፏል። ሁለቱ ጥሩ ናቸው። ጠረጴዛ ላይ ጣል ሲያደርጉት እንደ ሲኒ ይጮኻል። ኤክስአርዲ ወረፋ ላይ ነኝ። ርዕሱም ተቀየረ፣ አማካሪዬ «እኔም ልነግርሽ ነበር» አሉኝ።

ለሬዚደንቱ በሰው አንዱን ፔሌት ልኬልዎታለሁ። ምን አሉ?

መልስ፦ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሬዚደንት፣ ሐዋሳ

ደርሶኛል። አንቱታውን ተዪው፣ እኩያ ነን። ይቅርታ አድርጊልኝና በ2 ሚሊ መሰርሰሪያ በሳሁት። ግማሽ ሳይደርስ ለሁለት ተሰነጠቀ። መምህሩ ነግረውሽ የለ። ከዚያ ስብርባሪውን በመቆንጠጫ አንሥቼ ቀዳዳ ባለው የላስቲክ አጥንት ውስጥ ጠቀጠቅሁት። ጥሩ ገባ። ማዕዘኑንም ሞላው። እንደ ድፍን አትላኪልኝ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ የሆነ ጠጠር አድርገሽ ላኪልኝ። ዱቄት ከሆነ ደም ያጥበዋል፣ ከበለጠ ደግሞ ጥጉ አይሞላም።

ምላሽ፦ የማስተርስ ተማሪዋ፣ አዳማ

እሺ። ጠጠሩን በምን ልለየው? ላባችን ያለው ወንፊት ለደቃቅ ዱቄት ብቻ ነው።

መልስ፦ የላብ ቴክኒሻን፣ አዳማ

ሲቪል ምሕንድስናዎቹ ጋ ሂጂ። የአፈር ላባቸው ውስጥ የ2 ሚሊውም የ1 ሚሊውም ወንፊት አለ። ሁለቱን ደርቢና ነቅንቂ፣ መሃል ላይ የቀረውን ውሰጂ። ግን ወንፊቱን ስትረከቢ በደንብ እጠቢው፣ ያለበለዚያ ኤክስአርዲው የአዳማን አሸዋ ነው የሚያሳይሽ።